የአንባቢያን ጥያቄ፦ ክሪፕቶውን መቼ እንሽጠው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ከመሀል አዲስ አበባ የተጻፉ ናቸው። ሦስቱም ለጡረታ ስለተያዘ ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) ይጠይቃሉ። ዓመቶቹን የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን ካልገለጽን በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 63 ነው። ሜሪላንድ ታክሲ ስነዳ ኖሬ የአሜሪካ ዜግነት ወስጃለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ አቁሜ፣ ስታዲየም አካባቢ ወዳለችው የቤተሰብ አፓርታማ ጠቅልዬ ልገባ አስቤያለሁ። አሁንም ለዕረፍት እዚሁ ነኝ። 1.2 ቢትኮይን አለኝ፦ 0.4ቱን በ2018 በ7,000 ዶላር ሂሳብ፣ 0.5ቱን በ2020 በ10,000፣ 0.3ቱን ደግሞ በ2021 መጨረሻ በ60,000 ነው የገዛሁት። ሌላ የጡረታ ቁጠባ የለኝም። የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ በወር 1,100 ዶላር ገደማ ይደርሰኛል፤ ወጪዬን 1,500 ገምቻለሁ። ለቤት እድሳት 20,000፣ ለድንገተኛ ሕክምና 10,000 ያስፈልገኛል። አንዱ ጓደኛዬ «200,000 ሳይገባ እንዳትነካው» ይለኛል፤ ሌላው «ዛሬውኑ ሽጠህ ተገላገል» ይላል። መቼ ልሽጥ?

መልስ፦ ሁለቱም ጓደኞችዎ የሚያወሩት ስለ ዋጋው ነው። እርስዎ ግን ቀኑ የታወቀ ወጪ አለብዎት፤ ሽያጩም ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው የሚወሰነው።

ከወጪው እንነሳ። የወር ጉድለትዎ 400 ዶላር ነው፤ በዓመት 4,800፣ በአምስት ዓመት 24,000 ይሆናል። እድሳቱንና ሕክምናውን ሲደምሩበት 54,000 ይመጣል። ለስሌት እንዲመቸን አንዱን ቢትኮይን 90,000 ዶላር እንበለው፤ እርስዎ በሚሸጡበት ቀን ያለውን ዋጋ ይተኩበት። በዚህ ሂሳብ ያለዎት 108,000 ነው፤ የሚያስፈልግዎ ደግሞ ልክ ግማሹ፣ ማለትም 0.6 ቢትኮይን።

አሁን ክፉውን እንገምት። ቢትኮይን በዲሴምበር 2017 ወደ 20,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ በዓመቱ 3,200 አካባቢ ተገኘ። በኖቬምበር 2021 69,000 ገደማ ደረሰና በኖቬምበር 2022 ከ16,000 በታች ወረደ፤ 77 በመቶው ሄደ ማለት ነው። ይኸው ቅናሽ ሥራ በሚያቆሙበት ዓመት ቢደርስ የእርስዎ 108,000 ወደ 25,000 ይወርዳል። ሁሉንም ሸጠው እድሳቱን ቢከፍሉ እጅዎ ላይ የሚቀረው 5,000 ነው። ዋጋው ወደ ቀድሞው ቦታ እንዲመለስ ደግሞ ከአራት እጥፍ በላይ ማደግ አለበት። ከዚህ በፊት ተመልሷል፤ የ2017ን ጣሪያ ለመንካት ሦስት ዓመት፣ የ2021ን ለመንካት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶበታል። ደመወዝ ያለው ሰው ይህን ጊዜ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ጡረተኛ ግን ለአስቤዛ መሸጡ አይቀርለትም፤ በ20,000 የሸጠው ደግሞ ዋጋው ሲያገግም አብሮ አያገግምለትም። ኤተር የተባለውን ሌላ ክሪፕቶ ይዘው የሚያነቡም አሉና እንጨምር፦ ኤተር የኖቬምበር 2021 ጣሪያውን ዳግም ያየው በኦገስት 2025 ነው፤ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል።

ስለዚህ 0.6ቱን በሁለት ዓመት ውስጥ በስምንት ዙር ይሽጡ። በየሦስት ወሩ 0.075 ይሆናል። ቀኖቹን ዛሬ ይምረጡና ይጻፏቸው፤ ለምሳሌ የጃንዋሪ፣ የኤፕሪል፣ የጁላይና የኦክቶበር 5። ዋጋ ወርዷል ተብሎ ዙር አይዘለልም። ሰዉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ትንሽ ይመለስና» እያለ ሁለት ዙር ያሳልፋል፤ ከዚያ ሦስተኛውን ለመሸጥ ልቡ እምቢ ይለዋል። ዋጋው ከጀመሩበት በግማሽ ከፍ ቢል፣ በምሳሌያችን 135,000 ቢገባ፣ ሁለት ዙር በአንድ ቀን ይሽጡ። 54,000ው ከነግብሩ ከሞላ ደግሞ ቀሪ ዙሮች ቢኖሩም ያቁሙ። የሽያጭ ማዘዣውን በገበያ ዋጋ ከመልቀቅ ይልቅ ዋጋ ወስነው በሊሚት ኦርደር ያስገቡ። በብዙ መገበያያዎች (ክሪፕቶ የሚገዛባቸውና የሚሸጥባቸው ድረ ገጾች) «ሽጥ» የምትለው ቀላሏ ቁልፍ ከነጋዴዎቹ ገጽ የበለጠ ኮሚሽን ታስከፍላለች።

በየአራት ዓመቱ የ«ቆፋሪዎች» (በኮምፒውተር አዲስ ቢትኮይን የሚያመርቱት) ክፍያ በግማሽ ስለሚቀነስ (የመጨረሻው በኤፕሪል 2024 ነበር) ጣሪያው የሚመጣበት ወር ይታወቃል የሚሉ አሉ። ሦስት አራት ጊዜ የታየ ነገር ሕግ አይደለም፤ በእሱ ተመክቶ የእድሳት ውል አይፈረምም።

ግብሩ ላይ እንቆይ፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚቀረው እዚህ ነው። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ ክሪፕቶን የሚያየው እንደ ንብረት ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ከያዙት በትርፉ ላይ 0፣ 15 ወይም 20 በመቶ ይከፍላሉ። የትኛውን ቢትኮይን እንደሸጡ ካልገለጹ ቀድሞ የተገዛው ቀድሞ እንደተሸጠ ይቆጠራል። ልዩነቱን ይዩት፦ 0.3 ቢትኮይን በ27,000 ቢሸጡና ከ2018ቱ ነው ከተባለ የተገዛበት 2,100 ስለሆነ ትርፉ 24,900 ነው። ከ2021ዱ ነው ካሉ ግን የተገዛበት 18,000 ነውና ትርፉ 9,000 ብቻ ይሆናል። በ15 በመቶ ሲሰላ 2,385 ዶላር ይለያያል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አራት ዙሮች ከ2021ዱ፣ ቀሪዎቹን አራት ከ2020ው ይሽጡ። ምርጫው ከሽያጩ በፊት በመገበያያው የሂሳብ ቅንብር ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በኋላ ማስተካከል አይቻልም። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ደግሞ ስሌቱ በየዋሌቱ (ክሪፕቶው በሚቀመጥበት ዲጂታል ቦርሳ) እና በየሂሳቡ ለየብቻ ነው፤ የ2021ዱ ያለው ሌላ ዋሌት ላይ ከሆነ ሽያጩም ከዚያው መውጣት አለበት።

ያለፈውን ዓመት የአሜሪካ የግብር ማስታወቂያ፣ ቅጽ 1040፣ አውጥተው ግብር የሚከፈልበት ገቢዎ የተጻፈበትን 15ኛውን መስመር ይመልከቱ። በ2025 ሂሳብ ግብር የሚከፈልበት ገቢ፣ የክሪፕቶው ትርፍ ተደምሮበት፣ ላላገባ ከ48,350፣ በጋራ ለሚያስታውቁ ባልና ሚስት ከ96,700 ዶላር ካልበለጠ የፌዴራሉ ግብር ዜሮ ነው። ታክሲ የሚነዳ ሰው ወጪዎቹን ሲያወራርድ አሁኑኑ እዚያ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ካልተገኘም ሥራ ባቆመበት ዓመት ይገኛል። የ2018ቱ 0.4 ከስምንቱ ዙር ውጭ ነው፤ መሸጥ ካለበት ለዚያ ዓመት ይቆይ፤ 33,000 ዶላር ገደማ ትርፍ ያለ ፌዴራል ግብር ሊያልፍ ይችላል። ትርፉ ግን ከሶሻል ሴኩሪቲው የተወሰነውን ግብር ውስጥ ሊጎትተው ስለሚችል ከመሸጥዎ በፊት ሁለቱን አብረው ያስሉ። ሜሪላንድ የራሷን ትጨምራለች፤ ነዋሪነትዎን በደንቡ ዘግተው እስኪወጡ ድረስ ከየዙሩ ትርፍ ሩቡን ለግብር ለይተው ቢያስቀምጡ አይጎዱም። ታዲያ ሁሉንም ሽያጭ ወደ ዜሮው ዓመት ለምን አናስተላልፈውም? ግብሩን ለማዳን ሲባል ሙሉ ዋጋው ለአደጋ ስለሚጋለጥ ነው። ከስምንቱ ዙር የመጨረሻዎቹን ሁለት ብቻ ወደዚያ ዓመት ቢያሻግሩ 1,800 ዶላር ያህል ይተርፋል፤ ከዚያ በላይ መጓተት አይመከርም።

ከመሸጥዎ በፊት መንገዱን ይፈትሹ፤ ይህን አዲስ አበባ ገብተው ሳይሆን ሜሪላንድ እያሉ ያድርጉት። አንዳንድ መገበያያዎች አድራሻዎ ወደ ሌላ አገር ሲቀየር አገልግሎት ይቀንሳሉ ወይም ያቆማሉ። ከዋሌትዎ 20 ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ወደ መገበያያው ይላኩ፤ ሲገባ ሸጠው ዶላሩን ባንክዎ ያድርሱት። እዚህ ላይ የእኛ ስም ጣጣ አለው። ባንኩ የያዘው የእርስዎንና የአባትዎን ስም ይሆናል፤ መገበያያው ከፓስፖርት አያትዎን ጨምሮ ይዟል፤ አንዱ ጋ «ተስፋዬ» በአንድ ዋይ፣ ሌላው ጋ በአይ ኢ ተጽፏል። ስሞቹ ካልገጠሙ ገንዘቡ ተይዞ ማስረጃ ይጠየቃል። ይህ በ20 ዶላር ሲደርስ ያስቃል፤ በ27,000 ሲደርስ ግን እንቅልፍ ይነሳል። የመግቢያ ኮድ በአሜሪካ ስልክዎ የሚመጣ ከሆነ መስመሩን ከመዝጋትዎ በፊት ወደ ኮድ አመንጪ መተግበሪያ ይቀይሩት። የዋሌት አድራሻ ሲገለብጡ ከድሮ የዝውውር ዝርዝር አይውሰዱ፤ አጭበርባሪዎች የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደሎቹ የእርስዎን የሚመስል አድራሻ ሆን ብለው እዚያ ያስገባሉ።

ዶላሩ መገበያያው ላይ አይደር። ሴልሲየስና ኤፍቲኤክስ የተባሉት የክሪፕቶ ኩባንያዎች በ2022 ሲወድቁ ደንበኞች ዓመታት ጠብቀዋል። አሜሪካ ባለ ባንክ ውስጥ እስከ 250,000 ዶላር ዋስትና አለው፤ ከዓመት በላይ የማይነካውን በአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነድ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ወለዱ ከክፍለ ግዛት ግብር ነጻ ነው።

ዶላሩን ወደ ብር መቀየር ሌላ ውሳኔ ነው፤ ከሽያጩ ጋር አያያይዙት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) የባንክ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በአንድ ወር ውስጥ ከ100 አለፈ። 54,000 ዶላሩን በዋዜማው የቀየረ ሰው 3 ሚሊዮን ብር ገደማ ያገኛል፤ ወር የጠበቀው ከ5.4 ሚሊዮን በላይ። የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ከፍተው የስድስት ወር ወጪ የስድስት ወር ወጪ እያደረጉ ይቀይሩ። የአሜሪካ ዜጋ ስለሆኑ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ሂሳቦችዎ ድምር በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የተባለውን ማስታወቂያ መሙላት ግዴታ ነው። ግብር ባይኖርበትም ያልሞላ ይቀጣል። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ አዲስ አበባ ላይ እንደማይከፍልም አይርሱ፤ 10,000ውን የሕክምና ገንዘብ ለሌላ ነገር አይንኩት።

የቀረውን 0.6 በተመለከተ አንድ ደንብ ይበቃል። በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ዋጋው ካምናው ጃንዋሪ ከፍ ካለ 4,800 ዶላር የሚያህል ሸጠው የአምስት ዓመቱን መጠባበቂያ ይሙሉ። ከወረደ አይሽጡ፤ ከመጠባበቂያው ይብሉ። መጠባበቂያው የሁለት ዓመት ብቻ ሲቀረው ግን ዋጋው ምንም ይሁን ምን ይሸጣሉ። በመካከል ያለው ሦስት ዓመት ቢትኮይን ከ2017ና ከ2021 ጣሪያው በኋላ ለማገገም የወሰደውን ጊዜ ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ 57 ዓመቴ ነው፤ አራት ኪሎ በሚገኝ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ፤ በ60 ጡረታ እወጣለሁ። ዱባይ ያለው የእህቴ ልጅ «ለእርጅናሽ ይሁንሽ» ብሎ 6,000 ዩኤስዲቲ ስልኬ ላይ ባለ ዋሌት አስቀምጦልኛል። ቴሌግራም ላይ ከባንክ በተሻለ ዋጋ የሚገዙ አሉ። እስከ ጡረታዬ ልያዘው ወይስ ልሽጠው?

መልስ፦ ዩኤስዲቲ ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሠራ ስለሆነ የሚጠበቅ የዋጋ ጭማሪ የለውም፤ ወለድም አይወልድም። እርስዎ ግን የስልክ መጥፋትን፣ ዋሌቱን የሚከፍቱትን የቁልፍ ቃላት መሰረቅን፣ የአውጪውን ኩባንያ አደጋ ሁሉ ተሸክመዋል። ኩባንያው የዋሌት አድራሻን ማገድም ይችላል። ተመሳሳዩ ዩኤስዲሲ በማርች 2023፣ የተወሰነ ገንዘቡ የተቀመጠበት የአሜሪካ ባንክ ሲወድቅ፣ ለአጭር ጊዜ ከ90 ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። ሦስት ዓመት የሚያስጠብቅ ምክንያት አናይም።

ቴሌግራሙን ይተዉት። ብሔራዊ ባንክ በ2022 ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ መክፈል ያልተፈቀደ መሆኑን ገልጿል፤ ፈቃድ ሰጥቶት እዚህ ክሪፕቶ የሚገዛ ድርጅትም የለም። «የተሻለው ዋጋ» የጥቁር ገበያ ምንዛሪ ነው፤ በሕግ ያስጠይቃል። ከሕጉ ባሻገርም፣ ብሩ የሚገባልዎ ከማያውቁት ሦስተኛ ሰው ሂሳብ ነው፤ ያ ሰው «ተጭበረበርኩ» ብሎ ሲከስ የሚታገደው የእርስዎ የደመወዝ ሂሳብ ነው። የተቀነባበረ የቴሌብር መልእክት አሳይቶ ዩኤስዲቲውን አስልኮ መሰወር ደግሞ የየቀኑ ወሬ ነው።

የተሻለው መንገድ ለልጁ መመለስ ነው። ዱባይ በ2022 የተቋቋመ ተቆጣጣሪ፣ ቫራ፣ አላት፤ እሱ ፈቃድ የሰጠው መገበያያ ላይ ልጁ በራሱ ስም ሸጦ ድርሃም ባንኩ ያስገባል። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ እዚያ ቢቆይ ዋጋው አይሸራረፍም። ከዚያ በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው ሃዋላ፣ ጡረታ ሲወጡ በየጥቂት ወሩ፣ ይልክልዎታል።

ሲመልሱለት ኔትወርኩን፣ ማለትም ገንዘቡ የሚላክበትን መስመር፣ ይጠይቁት። አድራሻው በቲ ከጀመረ ትሮን ነው፤ ለመላኪያ ዋሌትዎ ውስጥ የኔትወርኩ የራሱ ገንዘብ፣ ጥቂት ትሮን፣ መኖር አለበት፤ ዩኤስዲቲው ብቻ ካለ አይንቀሳቀስም። በዜሮ ኤክስ የሚጀምር ከሆነ ይጠንቀቁ፤ የኢቴሪየምና የሌሎች ኔትወርኮች አድራሻ መልኩ አንድ ነው፤ መገበያያው በማይቀበለው ኔትወርክ የተላከ ገንዘብ ሊመለስ ላይችል ይችላል። መጀመሪያ 10 ብቻ ይላኩ፤ ደረሰኝ ሲልዎ ቀሪውን። ለዝውውሩ ማስረጃ የሚሆን ምስል ሁለታችሁም አስቀምጡ፤ የዱባዩ ባንክ የገንዘቡን ምንጭ ሊጠይቅ ይችላል። ከደመወዝዎ የሚቆረጠው 7 በመቶና መሥሪያ ቤትዎ የሚጨምረው 11 በመቶ በስምዎ በትክክል መመዝገቡንም ጡረታው ሳይደርስ ያጣሩ፤ ከ6,000 ዶላሩ ይልቅ እስከ ዕድሜ ልክ የሚከፍልዎ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የካዛንቺስ ልጆች ነን። አባታችን ከሦስት ወር በፊት አረፉ። ለእናታችን መጦሪያ ይሆናል ያሉት ቢትኮይን የሚከፈትበት ቁልፍ፣ 24 ቃላት፣ ወረቀት ላይ ተጽፎ ተገኝቷል፤ 17ኛውን ውሃ ነክቶት የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው የሚነበበው። አንድ ሰው ከሚገኘው 30 በመቶ ወስዶ እንደሚከፍተው ነግሮናል። ወንድማችን ካናዳ ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ለሰውየው ወረቀቱን አታሳዩት። ቃላቱን ያየ ሰው 30 በመቶ አያስፈልገውም፤ ሁሉንም መውሰድ ይችላል።

ነገሩ ከሚመስለው ቀላል ነው። ቃላቱ የሚወሰዱት 2,048 የእንግሊዝኛ ቃላት ካሉበት ቋሚ ዝርዝር ነው፤ የትኞቹም ሁለት ቃላት የመጀመሪያ አራት ፊደሎቻቸው አንድ አይሆንም። የጠፋው ቃል ቦታው ስለታወቀ ከ2,048 በላይ መሞከር አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ፊደል መነበቡ ደግሞ ይህን እጅግ ያሳንሰዋል። በተጨማሪም የመጨረሻው ቃል ውስጥ ማረጋገጫ ስላለ፣ ምንም ፊደል ባይነበብ እንኳ ከ2,048ቱ በአማካይ ስምንቱ ብቻ ናቸው የሚያልፉት። ቢቲሲሪከቨር የተባለ ምንጩ ክፍት ፕሮግራም ይህን ይሠራል። ከቤተሰቡ ኮምፒውተር የሚችል አንድ ሰው ፕሮግራሙን ካወረደ በኋላ ኢንተርኔቱን ቆርጦ ያስኪደው፤ ቃላቱ ከዚያ በኋላ ብቻ ይጻፉ። ትክክለኛው ተገኝቶ ዋሌቱ ባዶ ከሆነ አባታችሁ ተጨማሪ የይለፍ ሐረግ ጨምረውበት ሊሆን ይችላልና ከወረቀቶቻቸው መካከል ፈልጉ።

ቃላቱ ስለተገኙ ብቻ አይሸጥም። የወራሽነት ማረጋገጫ ከአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት አውጡ፤ ካናዳ ያለው ወንድማችሁ በስሙ እንዲሸጥ ከተስማማችሁ ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ፣ ቀጥሎም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ። አባታችሁ ባረፉበት ቀን የነበረውን የቢትኮይን ዋጋ አሁኑኑ መዝግቡ፤ ካናዳ ውስጥ ትርፍ ሲሰላ መነሻው በአብዛኛው እሱ ስለሆነ። የእናታችሁን የአምስት ዓመት ወጪ አስልታችሁ ያንን ያህል ቶሎ ይሸጥ፤ እሳቸው ዋጋ የሚጠብቁበት ሌላ ገቢ ካላቸው ብቻ ቀሪው ይቆይ።

ዋሌቱ እንደተከፈተ ግን ከሁሉ በፊት ሙሉውን ወደ አዲስ ዋሌት፣ አዲስ 24 ቃላት ወዳለው፣ አዛውሩት። የድሮውን ወረቀት ስንት ሰው እንዳየው አይታወቅም፤ ከእናንተ መካከል አንዱ በስልክ ፎቶ አንስቶት ከሆነ ምስሉ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማስቀመጫ ሄዶ ሊሆን ይችላል። አዲሶቹን ቃላት በእርሳስ ሳይሆን በማይለቅ ቀለም በሁለት ወረቀት ጽፋችሁ በሁለት ቤት አስቀምጡ፤ አንዱ ወረቀት በእናታችሁ እጅ ይሁን።